የአልጋነሽ የክኒን ደንብ

አልጋነሽ ስትናገር ጣቷን ትቀስራለች። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ሀራሙስ በሚባለው ሰፈር ባሉት ትልልቅ ቪላዎች በሰው ቤት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያት ሁሉ ያችን ጣት ያውቋታል። ገና ከአገር ቤት የመጣች ልጅ የአሠሪዋን፣ የማዳሟን ሸሚዝ ብታቃጥል፣ ቋንቋው ቢጠፋት፣ ጥርሷን ቢያማት፣ መጀመሪያ የምትላከው ወደ አልጋነሽ ነው። በ1990 ዓ.ም ከኮምቦልቻ ተነስታ ጅቡቲ ስትገባ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፈረንሳይኛውን ከማዳሞቿ፣ ሱማሌኛውን ከገበያ ለቃቅማ ሁለቱንም እያጣመመች ታንበለብለዋለች። «ሳልማር ቀረሁ እንጂ ብማር ኖሮ ዶክተር ነበርኩ» ትላለች። ማንም አይስቅባትም፤ እውነቷን ሳይሆን አይቀርም ብለው ያምኑላታል።

ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ ጀርባ፣ ስምንት ሴቶች በጋራ የተከራዩት አንድ ክፍል አለ። ሳምንቱን ሙሉ ተቆልፎ ይከርማል። አርብ ማዳሞቻቸው ሲለቋቸው ይሰበሰቡበታል። ጸጉር ይሠራራሉ፣ ይተኛሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አንዳንዴም ተያይዘው ያለቅሳሉ። ባል ወይም ወዳጅ ያላት ተራዋ ሲደርስ ሌሎቹ «እንግዲህ ገበያ ወጣ እንበል» ብለው ክፍሉን ይለቁላታል። እንደ ሰው መኖር ማለት ለእነሱ ያችው አርብ ናት።

በዚያ አገር በሰው ቤት እያደሩ ማርገዝ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይነገርም፤ የታወቀ ነው። ሆዷ ገፋ ያለ ለት ሻንጣዋ ከግቢው በር ውጭ ይቀመጣል። ስለዚህ የወሊድ መከላከያ ክኒን ከምግብ እኩል ነው። ክኒኑን ከድሬዳዋ በሚመጡ ሾፌሮች እጅ የምታስመጣው፣ ለእያንዳንዷ የምታድለው፣ አወሳሰዱንም የምታስረዳው አልጋነሽ ነበረች።

አወሳሰዱን ደግሞ ራሷ ያገኘችው አንዲት ነርስ ድሮ በጥድፊያ ከነገረቻት ነው። «በወር አንድ ፓኬት» ብላታለች ነርሷ። ሌላም ነገር ብላ ነበር፤ ግን ግማሹ ፈረንሳይኛ፣ ግማሹ ሱማሌኛ ሆኖ አልጋነሽ ጆሮ ውስጥ የቀረው ይኸው ነበር። በወር አንድ። ፓኬቱ ጀርባ ላይ የተጻፈውን የቀን ስም ልጆቹ ማንበብ አይችሉም፤ በሰው ቤት ሲኖሩ ደግሞ ከአርብ በቀር ቀኑ ሁሉ አንድ ነው። አልጋነሽ አሰበች፣ አሰበችና ማንም የማይረሳው ደንብ አወጣች።

«ወር በገባ በልደታ ትጀምሪያለሽ» ትላለች ጣቷን ቀስራ። «የእራቱን ሳህን አጥበሽ እጅሽን ስታደርቂ ትውጫለሽ። ነጮቹ ሃያ አንድ ናቸው። ከዚያ ሰባቱ ቡናማዎቹ። በሃያ ስምንት ያልቁልሻል። ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ ሰውነትሽ ይረፍ። እንደገና በልደታ።» ለእስላሞቹ ልጆች ልደታን ትተዋትና «ወሩ አንድ ያለ ለት» ትላቸዋለች።

ጳጉሜስ? ጳጉሜ ከወር አይቆጠርም። «ጳጉሜ ደሞዝም የለው፣ ክኒንም የለው» ትልና ታስቃቸዋለች። ደግሞም ልጆቹ ክኒን ማኅፀን ውስጥ እየተጠራቀመ ይቀመጣል ብለው ይፈሩ ስለነበር፣ ሰው ሁሉ ጠበል በሚጠመቅበት በጳጉሜ ሰውነታቸውን ማሳረፋቸው ደስ ይላቸው ነበር። አዲሱን ዓመት ጸድተን ተቀበልን ይላሉ። ወይ አለማወቅ! ይህ ሁሉ በቀና ልብ የተደረገ ነው፤ እሱ ነው የሚያንገበግበው።

በ2008 ዓ.ም ኅዳር ላይ ቦንቱ አረገዘች ተባለ።

ቦንቱ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ከጭሮ የመጣች፣ ዝምተኛ፣ ሥራ ወዳድ። ወዳጇ ሶሬሳ እዚያው ሀራሙስ የአንድ ቪላ ዘበኛ ነው። ባልባላ ሰፈር ክፍል ተከራይተው ሊጋቡ ቃል ተገባብተዋል። ማዳሟ ነገሩን እንዳወቀች በዚያው ቀን አስወጣቻትና ቦንቱ ሻንጣዋን ይዛ አርብ ቤት ወደሚሉት የጋራ ክፍላቸው ገባች። ይህ ባልከፋ። የከፋው ሶሬሳ ነው። «ክኒን እየዋጥኩ ነው አላልሽኝም? ክኒን የምትውጥ ሴት እንዴት ታረግዛለች?» አላት። እሷ አንድም ቀን አልረሳሁም ብላ ማለች። እሱ ግን ከሁለት አንዱ ነው አለ፤ ወይ ልታጠምጂኝ ብለሽ ሆን ብለሽ ትተሽዋል፣ ወይ ልጁ የእኔ አይደለም። ይህንኑ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ በመጨረሻ የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ ብሎ ወደ አልጋነሽ መጣ።

አልጋነሽም አፏን ሞልታ «የእኔ ደንብ ስቶ አያውቅም። ረስታ ነው» አለችው።

ሶሬሳ ከዚህ ሌላ ምስክር አልፈለገም። ቅዳሜ በታጁራ ጀልባ ተሻግሬ፣ ከዚያ ኦቦክ ወደብ፣ ከዚያም የመን ብሎ ከደላላ ጋር ተነጋገረ። የመን ያን ጊዜ ጦርነት ላይ ነበረች፤ ቢነገረውም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አርብ ቤት ያሉት ሴቶች ደግሞ ቦንቱን ምንም አላሏትም፤ ግን ዓይናቸው አላት። ዓይን ደግሞ ከአፍ ይብሳል።

ሐሙስ ጠዋት አልጋነሽ ማዳሟን አስፈቅዳ ቦንቱን ለእርግዝና ምርመራ ባልባላ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። እዚያ መሪማ የምትባል አዲስ አዋላጅ መጥታለች፤ አባቷ የጅቡቲ ሰው ቢሆንም ተወልዳ ያደገችው ድሬዳዋ ነው። እንደ ድሬ ሰው አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ገና እንደገቡ «አንቺ ቁጭ በይ፣ አንቺ ደግሞ ሽንትሽን ሰጥተሽ ነይ» አለቻቸው። ቦንቱ አንድም ቀን አልረሳሁም ብላ የያዘችውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ላቦራቶሪ ሄደች።

«ክኒን ትወስድ ነበር፤ ረስታ ነው» አለች አልጋነሽ ሳትጠየቅ።

«እሷ ግን አልረሳሁም ብላኛለች» አለችና መሪማ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አሳየቻት። ቦንቱ ያለቀባትን ፓኬት ሁሉ ሳትጥል አስቀምጣ፣ ለሶሬሳ ማስረጃ ይሆነኛል ብላ በጸጉር ላስቲክ አስራ ይዛው ነበር የመጣችው። ስድስት ፓኬት ነው። ሁሉም ባዶ። «መቼ መቼ ነው የምትጀምሩት?»

«ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን።»

«በየትኛው ወር?»

«በየትኛው ይሆናል? በእኛ ነዋ!»

መሪማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የጅቡቲ ነርስ ብትሆን ኖሮ እዚህ ላይ ታልፈው ነበር። መሪማ ግን የድሬ ልጅ ናት፤ ጳጉሜን ታውቃለች።

«እስቲ እኔና አንቺ እንቁጠር» አለች። «ነሐሴ አንድ ጀመረች። ነጮቹ ነሐሴ ሃያ አንድ አለቁ። ሰባቱን ቡናማዎች ዋጠች። ከዚያ ነሐሴ ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ አረፈች። ከዚያስ?»

«ከዚያ ጳጉሜ ነው።»

«አምና ጳጉሜ ስድስት ነበር። ሰባት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት። አሥራ አምስት ቀን ያለ ምንም መድኃኒት!»

«ኧረ ቡናማዎቹን ውጣለች አልኩሽ እኮ!»

«ቡናማዎቹ ብረት ናቸው፤ ለደም ማነስ። ሆርሞን የሚባል ነገር የለባቸውም። የተቀመጡት ሴትየዋ በየማታው መዋጥ እንዳትረሳ ብቻ ነው።»

አልጋነሽ ክው አለች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስታድለው የኖረች ናት፤ ይህን የነገራት ሰው የለም። ወይም ነግረዋት በማታውቀው ቋንቋ አልፏት ይሆናል።

መሪማ ወንበሯን ሳበች። ሰው ማስረዳት ትወዳለች፤ ድምጿም አልተቆጣም።

«ስሚኝ። ክኒን የትም አይጠራቀም፤ ደም ውስጥ ገብቶ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። ለዚህ ነው በየቀኑ የሚዋጠው። አንጎላችን ሥር አተር የምታህል እጢ አለች። በየወሩ በደም በኩል መልእክት ትልካለች፤ ሆርሞን የሚሉት እሱ ነው። ከማኅፀን ጎንና ጎን ያሉት ሁለቱ የእንቁላል ማፍሪያዎች መልእክቱ ሲደርሳቸው አንድ እንቁላል ማብሰል ይጀምራሉ። እንቁላሉ በስሎ ሲወጣ እነሱም በተራቸው የራሳቸውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ፤ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉትን። እጢዋ እነዚህን ደም ውስጥ ስታገኝ ‹በቃ፣ ሥራው ተሠርቷል› ብላ መላክ ታቆማለች። ገባሽ?»

«ገባኝ» አለች አልጋነሽ ቀስ ብላ።

«ነጯ ክኒን ውስጥ ያሉት እነዚያው ሁለቱ ናቸው፤ ፋብሪካ የሠራቸው። ስትውጪያት እጢዋ ደም ውስጥ ታገኛቸውና ሥራው ያለቀ ይመስላታል። አትልክም። ካልላከች እንቁላል አይበስልም። በዚያ ላይ የማኅፀን በር ላይ ያለው ፈሳሽ ይወፍርና የወንዱን ዘር አያሳልፍም። አሁን መድኃኒቱ ሲቋረጥ አስቢው። መጀመሪያ የወር አበባ ይመጣል፤ ያ መልካም ነው። እስከ ሰባት ቀን ምንም አይደለም፣ እንቁላሉ ገና ጥሬ ነው። ከሰባት ካለፈ ግን እጢዋ ትነቃለች፣ መላክ ትጀምራለች። አሥራ አምስት ቀን ከሆነማ እንቁላሉ ሊወጣ በር ላይ ቆሟል። መስከረም አንድ ብትውጪው ምን ዋጋ አለው? ቀድሞሻል።»

ጳጉሜ ስድስት አርብ ነበር። የዓመት መባቻ ዋዜማ ነው ብለው ክፍሉን ለቦንቱና ለሶሬሳ ለቀውላቸው ሁሉም ገበያ የወጡት ያን ዕለት ነው። አልጋነሽ ራሷ ነበረች «በሉ ተነሱ፣ ልጆቹ ይጫወቱ» ያለችው።

«በሌላው ወርስ?» አለች። «ይህን ያህል ዓመት እንዴት ዝም አለ?»

«በየወሩም ቢሆን ዘጠኝ ቀን ስታሳልፉ ኖራችኋል። ሴቶቹ ከወንድ የሚገናኙት አልፎ አልፎ ስለሆነ ዕድል አወጣችሁ። ከዚህች ልጅ በፊት እንዲህ የሆነችብሽ የለችም?»

«ሁለት ነበሩ። ሁለቱም ረስተው ነው ያረገዙት።»

«መቼ ወለዱ?»

«አንዷ የሰኔ ሚካኤል ለት። ሻሼ ደግሞ...» አልጋነሽ እዚህ ላይ ቆመች። «ሻሼም ሰኔ ነው።»

ከመስከረም እስከ ሰኔ ዘጠኝ ወር እንደሆነ ለመቁጠር አዋላጅ መሆን አያስፈልግም።

ሻሼ የደሴ ልጅ ነበረች፤ ከአልጋነሽ ጋር አንድ ግቢ ሠርተዋል፣ እህት ማለት ናት። በ1997 ዓ.ም ስታረግዝ ባሏ ልክ እንደ ሶሬሳ ተናግሮ ጥሏት ሄደ። ያን ጊዜም አልጋነሽ ተጠይቃ ነበር። ያን ጊዜም «ረስታ ነው» ብላለች። ሻሼ ሆዷን ይዛ እናቷ ቤት ገባች፤ ቂም ሳትይዝ በየእንቁጣጣሹ ደውላ እንኳን አደረሰሽ ትላታለች።

«ለልጅቷ አንቺ ትነግሪያታለሽ ወይስ እኔ ልንገራት?» አለች መሪማ።

«እኔ እነግራታለሁ።»

አልነገረቻትም። ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከባልባላ ቁልቁል ሲወርዱ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። እውነቱን ለመናገር ሐሳቧ እንዲህ ነበር። ከአሁን ወዲያ ደንቡን «አዋላጇ እንዲህ ብትሉ ይሻላል አለች» ብላ ቀስ አድርጋ መለወጥ ትችላለች። ማንም አይጠይቃትም። ስሟም አይጠፋም። ከሦስት ማዳም ቤት ወጥታ፣ ልጅ ሳትወልድ፣ ቤት ሳትሠራ፣ አርባ ስድስት ዓመት ሞልቷት ያላት ነገር ቢኖር «እሷ ታውቃለች» መባሏ ብቻ ነው። እሱንም ሊወስዱባት ነው። አይ አልጋነሽ! ሰው ሆዱን ሲያሰፋው ሁሉም ነገር ይቀመጥለታል፣ ብላ ሆድ ይፍጀው ልትል ትንሽ ቀራት።

ያን ጊዜ ቦንቱ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች «እትዬ አልጋነሽ፣ ምናልባት ረስቼ ይሆናል» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ሁሉም ረሳሽ ካሉኝ... አንድ ማታ ማዳም እንግዳ አብዝታ ነበር። ዋጥኩ እላለሁ፤ ግን ሳልውጥ የዋጥኩ መስሎኝ ይሆናል። እርስዎ ሳያውቁ አይናገሩም።»

ባዶዎቹ ፓኬቶች ጭኗ ላይ ናቸው። እነሱን ይዛ ራሷን መጠራጠር ጀምራለች። አልጋነሽ ግን ያኔም አልተናገረችም። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም።

አርብ ስምንቱም ተሰበሰቡ። አልጋነሽ ልብሷን እንኳ ሳትለውጥ መሐል ወለሉ ላይ ቆመች። ጣቷን አልቀሰረችም።

«ቦንቱ አልረሳችም» አለች። «አንዲትም ማታ አልረሳችም። የሳትኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ነሐሴን፣ ጳጉሜን፣ ቡናማዎቹን፣ አተር የምታህለዋን እጢ፣ ሁሉንም መሪማ እንደነገረቻት አስረዳቻቸው። «ፓኬቱ ባለቀ በማግስቱ ሌላው ይጀመራል። አንድ ቀን እንኳ አይታለፍም። ልደታ ሆነ አልሆነ፣ ጳጉሜ ሆነ አልሆነ። ሆርሞኑ የእኛን ወር አያውቀውም» አለች። አንዷ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ሌላዋ «እትዬ፣ እኔም እኮ በዚሁ ነው ስውጥ የኖርኩት!» ብላ ጮኸች። «አውቃለሁ። እሁድ ጠዋት ማዳምሽን አስፈቅጂ፣ መሪማ ጋ እወስድሻለሁ» አለቻት አልጋነሽ።

ቦንቱ ግን ፍራሹ ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠች ነበር። «እንግዲያው አልረሳሁም?» አለች።

«አልረሳሽም።»

ሶሬሳን ራሷ አልጋነሽ ደውላ ጠራችው። ሥራውን አስረክቦ፣ ለነገው መንገድ የገዛውን ቦርሳ ተሸክሞ መጣ። በሩ ላይ አቁማ እንደገና ከመጀመሪያው ነገረችው፤ «ባለፈው የነገርኩህ ውሸት ነው፣ ሳላውቅ የተናገርኩት» አለችው። ሶሬሳ ጳጉሜ ስድስትን አስታወሰ። ፊቱ ሲለዋወጥ ሁሉም አዩት። ቦርሳውን አወረደና ወደ ቦንቱ ሄዶ ተንበረከከ።

«ቦንቱዬ፣ አሁን አመንኩሽ። የትም አልሄድም» አላት።

ቦንቱ አላለቀሰችም። «አሁን ያመንከው እኔን አይደለም፤ አዋላጇን ነው» አለችው። «እኔማ ይህንኑ ስነግርህ ወር ሆነኝ።» ከዚያ ዓይኗን አነሳች። «እርስዎም አላመኑኝም፣ እትዬ።»

«አላመንኩሽም» አለች አልጋነሽ። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«እኔስ እሺ፤ ቶሎ ነው የታወቀልኝ። ሻሼ ያሏትስ?»

ሻሼ እዚያ ቤት ተረት ነበረች፤ ረስታ ያረገዘችው ሻሼ እየተባለች፣ ለአዲስ መጪዎች ማስጠንቀቂያ ሆና ትነገር ነበር። ቦንቱም የሰማችው ከአልጋነሽ አፍ ነው። አልጋነሽ ስልኳን አወጣች። ቁጥሩን የደወለላት ሶሬሳ ነው።

«አልጌ!» አለ የሻሼ ድምፅ ከደሴ። «ደህና ነሽ? ምነው ያለ በዓሉ?»

«ሻሼ፣ ጆሮሽን ስጪኝ፤ ሳታቋርጪኝ ስሚኝ» አለችና ነገረቻት። ለሦስተኛ ጊዜ ነው፤ ግን ይሄኛው ከሁለቱ ባሰ።

«ሻሼ፣ አለሽ?»

«አለሁ። እንግዲያው ረስቼ አይደለም?»

«አይደለም።»

«አንድም ማታ?»

«አንድም ማታ።»

«እኔኮ፣ አልጌ» አለች ሻሼ እያለቀሰች፣ «ሰው ሁሉ ሲለኝ፣ ኋላ ራሴም ረስቼ ነው አልኩ። ልጄ አሥር ዓመት ሞላው። አባቱ ወዴት ነው ብሎ በጠየቀኝ ቁጥር ያችን የረሳኋትን ማታ ስፈልግ ነው የኖርኩት። የትኛዋ ነበረች እያልኩ። ማክሰኞ ነበረች? ልብስ ያጠብኩ ለት ነበረች? እያልኩ።»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ የሻሼን ልቅሶ ይሰማሉ።

«እናቴ አጠገቤ ናት» አለች ሻሼ በመጨረሻ። «ለሷም ንገሪያት። ለእኔ እንደነገርሽኝ ሁሉንም ንገሪያት።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተንኳኳ። ከዚያ አንድ ያረጀ ድምፅ «ማነው?» አለ።

አልጋነሽ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እማማ። አልጋነሽ ነኝ፣ ከጅቡቲ። በልጅዎ ላይ ረስታ ነው ብዬ የመሰከርኩት እኔ ነኝ።»